የማን ትርታ

እኔ በፒተርሄድ ወደብ የመርከብ ሞተር መካኒክ ነኝ፤
የታመመ ፒስተን ገና ሳይፈታ በድምፁ የሚነግረኝ።
የካቻቢቴውን ጫፍ ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሮዬ፣
ዓይኔን ጨፍኜ የምሰማ፤ ይኸው ነው መተዳደሪያዬ።

ስለዚህ ኢሽቤል ያችን ዕቃ ይዛ ስትመጣ አልሳቅኩም።
አስቀድሞ አንድ አጥተናል፤ ስም እንኳ አላወጣንለትም።
መጋቢት ነው፤ ማክሰኞ ለት፤ ዶፉ ጣሪያውን ሲቀጠቅጠው ነበረ፤
ከዚያ ወዲህ ዝምታ ሁሉ ለኢሽቤል ክፉ ወሬ ሆኖ ቀረ።

ዕቃዋ የሳሙና ያህል ናት፤ ከሽቦዋ ጫፍ ማይክሮፎን መሳይ፤
ያገለገለች፤ በአሥራ አምስት ፓውንድ፤ ከዓሣ ፋብሪካዋ ከሞይራ።
የሞይራ ልጅ ዛሬ በራችንን በብስክሌት ያልፋል
እያፏጨ፣ ያለ ሥጋት፣ ያለ ሥራ።

ማታ ማታ ሶፋው ላይ ሹራቧን ትገልብና
ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዷ ላይ ትጨምቅና፣
መጀመሪያ ሹክሹክታ፤ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ፍለጋ፤
ቀጥሎ ጠጠር የሚያንከባልል ማዕበል፣ ገና ሳይነጋ፤
ከዚያ ድንገት፦ ድብ-ድብ፣ ድብ-ድብ፣ ድብ-ድብ፤
ወደቧ ለመድረስ የቸኮለች ሞተር ጀልባ፣ ጭነቷ የሕፃን ልብ።
ትስቃለች፤ እስቃለሁ፤ ሻያችን ይቀዘቅዛል።
አንድ ሌሊት በዚህ ይገዛል።

አዋላጇ ሮና ነግራን ነበር፦ «ዕቃዋ እንኳ አትዋሽም፤
የሰማችሁት የማን እንደሆነ ግን እናንተ አታውቁም።»
«እሺ» አልናት፤ ሻይ ቀዳንላት፤ እስከ በሩ ሸኘናት፤
ተመልሰን ለዕቃዋ አዲስ ባትሪ አስገባንላት።

ሠላሳ አራተኛው ሳምንት። ጥር። ነፋሱ መስኮት ይነቀንቃል።
«ዛሬ አልረገጠኝም» አለች፣ ሣህን እያደረቀች፤
«ከጧት ጀምሮ... ተኝቶ ይሆናል።»
ዕቃዋን አመጣች። ፈለገች። አገኘች።
ድብ... ድብ... «ይኸው! አለ!» አለችና አለቀሰች።

እኔም እፎይ ብዬ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ።
አንዱን አውልቄ ነው የሰማሁት፤ አንደኛውን ረሳሁ።
ምቱ ዘግይቷል። ከብዷል። ይኼ የትልቅ መርከብ ሞተር ነው፤
ባለፈው ሳምንት የሰማኋት ያቺ ጀልባ የት ናት?
ምንም ሳልናገር የኢሽቤልን አንጓ ያዝኩ በሁለት ጣት።
ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንደ ልማዴ።

ከጣቴ ሥር አንድ፤ ከዕቃዋ አንድ።
ከጣቴ ሥር አንድ፤ ከዕቃዋ አንድ።
እኩል። አንዴም ሳይሳሳት፤ በአንድ መንገድ።

«ኢሽቤል» አልኳት፤ «ይኼ ያንቺ ነው።»

የገዛ ልቧ ነበር፣ ፈርቶ፣ ራሱን ሲያባብል፣
በልጁ ስም ገብቶ «አለሁ፣ አለሁ» ሲል።

እስከ አበርዲን መንገዱ በረዶ ነው። አንድ ቃል አልተነፈስንም።
በአንድ እግር ካልሲ ነዳሁ፤ ቅዝቃዜው አልተሰማኝም።
የመኪናዬ ሞተር ምን እንዳለ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አላስታውስም።

ሁለት ቀበቶ ሆዷ ላይ አሠሩ። ሁላችንም ዝም።
ነበረች። ሩቅ። ደክማ። ስትጠፋ፣ ስትመለስ።
በሩ ተከፈተ፤ አልጋው በሩጫ ሄደ፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ፣
የተጨመቀ የቅባት ቱቦ ኪሴ ውስጥ ስዳስስ።

ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም። ኤልስፔት አልናት።
ጆሮዬ አዳናት ብዬ አልፎክርም፦
ከጎናችን ክፍል የነበረው ሰውዬ፣ ያው ሌሊት፣
ባዶውን የሕፃን ወንበር አንጠልጥሎ ወጣ።
እሱም ጆሮ ነበረው።

ዕቃዋ ዛሬ ከመፍቻዎቼ ጋር ናት፣ ቅባት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልላ።
ባለፈው እሑድ የሞይራ የእህት ልጅ መጣች፣ አምስት ወሯ፣ ደስ ብሏት፤
«ያቺ ዕቃ አለች?»
«ተበላሽታለች» አልኳት። ዋሸሁ።
ደረጃውን ስትወርድ ጠራኋት፦
«ስሚ፤ ርግጫው የቀነሰ ለት ምንም አታዳምጪ።
ተነሺና ሂጂ።
ጫማሽን እንኳ አትሰሪ።»