የጥላዬ ባልዲ

ቤቱ መች ወረደ፥ ጥላዬ፥ ቢሉህም፤
መንገዱ ነው ያደገው፥ እኛ አልሰጠምንም።
አንተ ሳለህ ጠጠር፥ ኋላ ኮብልስቶን፥ አምና ደግሞ አስፋልት፤
እየደራረቡ፥ እየከመሩበት፥
ስንወጣው የኖርነው የደጃችን እርከን
መውረጃ ሆነልህ፤ እንግዳ ሲመጣ 'ቀስ' እንላለን አንድ እጁን ይዘን።

ሐምሌማ ሲገባ የደብረ ብርሃን ሰማይ
መቼ ያውቃል ይሉኝታ፥ መቼ ያውቃል ከልካይ፤
ጎርፉ ከላይ ሰፈር ያገኘውን ጠርጎ
እኛ ጓዳ ያድራል የኛን በር ፈልጎ።

ትዝ ይልህ እንደሆን፥ ሱሪህን ሰብስበህ፥
በዚያች ቢጫ ባልዲ፥ ጆሮዋን በሽቦ አንተው በጠገንካት፥ ሌሊቱን ቀድተህ፥
እኔ ፋኖስ ይዤ፥ 'ሃምሳ፥ ሃምሳ አንድ' ስል ቁጥሩ ሲጠፋብኝ
'በቃ ከአንድ ጀምሪ፥ ውሃውም ጀምሯል' ብለህ ስታሾፍብኝ።

ስድስት ክረምት አለፈ አንተ ከሄድክ ወዲህ።
አምስቱን ቀዳሁት። በስድስተኛው ግን ወገቤ እምቢ አለኝ፤
የሺጥላ ከሸዋ ሮቢት ደውላ (እሷማ ምን አለባት፥ ሙቀት አገር ሆና)
'እማዬ፥ ፓምፕ እናስገባ' አለችኝ።

ናሁሠናይ መጣ፥ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፤
አንድ ኩባያ ውሃ ወለሉ ላይ ደፍቶ
የት ሄዶ እንደሚቆም ቁጢጥ ብሎ አየና፦
'እዚህ ነው የሚቆፈር፤ ውሃ የሚተኛበትን ራሱ ያውቃልና።'
ሲሚንቶውን ሰብሮ እስከ ጉልበቱ ድረስ መሬቱን ቆፈረው፤
ጥቁሩ መረሬ፥ እንደ ዘመድ ዕዳ፥ አካፋውን ይዞ አልለቅም አለው።

ጠጠር አነጠፈ። 'እማማ፥' አለና፥ 'ባልዲ ያስፈልገናል፤
ጎኗን በሳስተን ከጉድጓዱ ብናስቀምጣት፥ ፓምፑ ከጭቃ ይድናል።'
ዝም አልኩት። እሱ ግን ወደ ግድግዳው ሄዶ
የሽቦ ጆሮዋን ይዞ ከሚስማሯ ነጠላት፥ 'ይህች ምን ትሠራለች?' ብሎ ፈርዶ።

እንግዲህ አትቀየም፤
እኔም አላስጣልኳት፥ ቃል አልወጣኝም።
ዙሪያዋን በሳሳት፥ ሠላሳ ቀዳዳ፤
ዕድሜ ልኳን ውሃ ያስወጣች ባልዲ፥ ውሃ እንዲገባባት ጉድጓድ ወረደች ከጓዳ።

ፓምፑን ከውስጧ አኖረ። ቱቦውን ቀጠለው፤
ውሃው ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል እንዳይመለስ በቫልቭ አገደው።
'ይህች ኳስ ትንሳፈፋለች፤ ውሃው ከፍ ሲል ከፍ ብላ ሞተሩን ታስነሳለች፤
እርስዎ ይተኙ፤ እሷ ትነቃለች።'
የቱቦውን አፍ ግን ወደ እትዬ አስካለ አጥር ሊያዞረው ሲል፥ 'የለም' አልኩ፥ 'ልጄ፤
የኔን ጓዳ አድርቄ የሷን አላረጥብም በገዛ እጄ።'
ሦስት ሜትር ጨመርን። እስከ ቦዩ ደረሰ፤
ከዚያ ወዲያ በሬሳ ያውቃል፤ ስንቱን ይዞ ፈሰሰ።

ትናንት ሌሊት ጣለው።
ኳሷ ተነሳችና ፓምፑ ጓዳ ውስጥ እንደ ድመት አንጎራጎረ፤
እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ፥ ባልዲም ሳይኖር፥ ሰውም ሳይኖር፥
አፌ 'አንድ፥ ሁለት' እያለ ቆጠረ።
ሃያ ስደርስ መብራት ጠፋ።
የሞተሩ ድምፅ ቆመ፤ ዝናቡ ግን ከፋ።

በዳበሳ ሄጄ፥ ከለመደችበት፥ እጄ ባልዲ ስትሻ ሚስማር ብቻ ያዘች፤
ባልዲህማ ጉድጓድ ውስጥ፥ ፓምፕ አቅፋ፥ ውሃ ጠጥታ ተኝታለች።
ሳቄ መጣ ብቻዬን። ፋኖሱን ለኮስኩና
ጆግ ይዤ፥ በርጩማ ስቤ፥ ከጉድጓዱ አፋፍ ቁጭ አልኩ፤
ውሃው ጀምሮ የለ? እኔም ከአንድ ጀመርኩ።