እርማት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደሴ ዘገብኩኝ፣
አንዲት እርማት ሳልጽፍ ጡረታ ደረስኩኝ።
ስህተት ሳልሠራ ቀርቼ እንዳይመስላችሁ፤
የሚያርመኝ ጠፍቶ ነው፣ ልንገራችሁ።

ጋዜጣው ያን ጊዜ፣ ከአውቶብስ ጣሪያ ላይ፣ በፍራሽ ተጭኖ፣
ጣርማ በርን አልፎ፣ ሁለት ቀን አርጅቶ፣ ጠርዙ ዝናብ ሆኖ፣
ፒያሳ ሲወርድ፣
ሸጋው ያከራያል፤ አንድ ብር ላንድ ንባብ፣
«ቀስ አርገህ ግለጠው፣ በምራቅ አታርጥብ!»
መስቀለኛ ቃሉን በእስክሪብቶ የሞላ
ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፣ ተጣልቶም ቢሆን ኋላ።
ዜናችን እንዲያ ነበር፣ ዘግይቶ የሚመጣ፣
ተነቦ የሚታጠፍ፣ ከሸጋው መደብ የማይወጣ።

ያን ዓመት ሆጤ ላይ ቧንቧው ዝም አለ፣
ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ጀሪካን ተሰልፎ ዋለ።
እኔ ስልክ ደወልኩ። ኃላፊው ረጋ ባለ ድምፅ
«የውሃ ሽፋናችን ዘጠና ሁለት ከመቶ» አሉኝ፤
ነጥብ ሳልቀንስ ላክሁት።
ማታ እጄን የታጠብኩት በሃይላንድ ነበር፤
እሱን ግን አልጻፍኩት።

ሉባባ ይመር ግን፣ ከሸዋ በር በታች
ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ፣
የሰው መታወቂያ እያባዛች፣ ወረፋው ጋብ ሲል፣
ፊደሉ በተላጠ ኪቦርድ፣ መብራት እስኪጠፋ፣
ትጽፍ ነበር፦

«ቀን አሥራ አንድ። ቧንቧችን ዛሬ አሳለው።
እናቴ ሮጣ ባልዲ ደቀነች። ትንፋሽ ብቻ ነው።
ቀን አሥራ አራት። እንትሳር የልጇን ፊት
በሻይ ብርጭቆ አጠበች፤ እግሩ ለነገ ተቀጠረ።
ቀን አሥራ ዘጠኝ። አንድ ጀሪካን የገራዶ ውሃ አሥር ብር።
ባለ አህያውን ምን እንላለን? አህያውም ጠምቶታል።»

ጦማር ይሉታል አሉ። ሳቅሁ።
ድሮ ጦማር ማለት ላንድ ሰው የሚላክ ደብዳቤ ነበር፤
ይኼ ለማን ተላከ? ማን ይፈርምለታል?
ሳምንት ሳይሞላው ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ ተወራ፣
ሐይቅ ደረሰ፣ ጅዳ ያለች አክስቷ አለቀሰችበት፣
ሸጋው አስባዝቶ በሃምሳ ሳንቲም አከራየው፣
ከኔ ጋዜጣ ጎን! ከኔ ጋዜጣ በላይ።

ያኔ ነው አዘጋጁ ራሱ የደወለልኝ፣
በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፦
«ቧንቧ አሳለው የሚባለው ምንድን ነው? አንተስ የት ነህ?»

ሄድኩ። በእግሬ ሄድኩ። ሆጤ ከቤቴ
አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ዳገቱን ጨምሮ።
ባልዲውን አየሁ፣ ብርጭቆውን አየሁ፣
ቃል ስፈልግለት፣ ሁሉም ቃል የሷ ነው፤
ዓይኔ እንኳ የሚያየው እሷ ባየችው በኩል ነው።
ስለዚህ «የሆጤ ቧንቧ አሳለው» ብዬ ላክሁት፣
ከሥሩም፣ በእሷ ፈንታ፣ ፈንታው የሚል ስም አኖርሁበት።

ራዲዮው በሁለት ሰዓት ዜና አነበበው።
በማግስቱ ቦቴ መጣ።
ሰው መንገድ ላይ እጄን እየጨበጠ
«አብሽር ጋሽ ፈንታው! አንተ ባትኖር!» አለኝ፤
እኔም ኖርሁ።

አንድ ቀን የጡረታ ወረቀቴን ላባዛ ገባሁ።
ስድስት ገጽ፣ ሦስት ብር።
መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝና፣ ቀና ብላ፣
«ጋሼ፣ ያቺ ‹አሳለው› የምትለዋ ጥሩ ነበረች» አለች።
ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር? አልነበረም?
እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንግዲህ ይኸው፣ ከነስሜ፦

«ዘጠና ሁለት ከመቶ» ያልኩት
«ትንፋሽ ብቻ ነው» ተብሎ ይነበብ።
«ኃላፊው ገለጹ» ያልኩት፣ በየትኛውም ዓመት ያልኩት፣
«አልሄድኩም ነበር» ተብሎ ይነበብ።
«ዘጋቢያችን ከደሴ» የሚለውን
ከሸዋ በር በታች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ታገኟታላችሁ፣
መብራት ካለ።