አሥራ አንድ ደቂቃ

ሰኞ ጧት ደሴ፣ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣
ዝርዝር ይልክልኛል ማሽኑ፣ አስቦ አስቦ፤
ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚወድቅ፣
ፈተናው ገና ሦስት ወር ሲርቅ።

ጦይባ ይማም። አሥራ አንደኛ። ኬሚስትሪ። ኮምቦልቻ።
የማለፍ ዕድሏ ሃያ ሦስት ከመቶ፣
ቀይ ቀለም ከስሟ እስከ ዳር ተቀብቶ፤
ምክንያቱ ከጎኑ፣ በደቃቅ ፊደል፦
በሳምንት አንዴ ብቻ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ገባች፤
ቪዲዮ አልከፈተች፤ ጥያቄ አልጠየቀች፤
የቤት ሥራዋንም አዘግይታ ላከች።

ሦስቴ ደወልኩ። ወንድ አነሳ።
«ባጃጅ ላይ ነኝ፣ ኋላ!» አለ፤ ዘጋ፤ ረሳ።

ከጠመኔ ወደ ስክሪን ከዞርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤
ድሮ ልጅን በፊቱ ነበር የማውቀው፤
የገባውን በቅንድቡ፣
ያልገባውን በዝምታው፣
የራበውን ደግሞ መስኮት መስኮት ሲያይ።
አሁን ፊት የለም።

ቅዳሜ ሐረጎን ስንወርድ፣ ጠመዝማዛው ሲያዞረን፣
ረዳቱ «ፌስታል የሚፈልግ?» እያለ ሲጠይቀን፣
ጆሮዬ ተደፍኖ ተከፈተ፤
ሹራቤን አወለቅኩ፤ ቆላው ሸተተ።

ቤታቸው ቦርከና ማዶ ነው።
ጦይባ ከፈተች፣ እስክሪብቶ ከሻሿ ሥር ሰክታ፤
በድምፄ ለየችኝ፤ ደነገጠች ለአፍታ።
«ስልኩ የወንድሜ ነው፣ ቲቸር፤ ማታ አምስት ሰዓት ይገባል፤
ፓኬጅ የሚሞላው ሐሙስ ነው፤ ያን ዕለት ይሰጠኛል።
ቶሎ ቶሎ አወርድና ዳታውን አጠፋለሁ፤
እሱ ሲተኛ፣ ቻርጅ ላይ እንዳለ፣ እገለብጣለሁ።»

ደብተሮቿን አወጣች፤ አራት ናቸው፤
ትምህርቱን ቃል በቃል የቀዳችባቸው፤
ሠንጠረዡን፣ ቀመሩን፣ የእኔን ቀልድ ሳይቀር፤
ኅዳጉ ላይ «ይህ ቀልድ ነው» የሚል ነበር።

በሩ ላይ ሁለት ልጆች ቆመዋል፣ ደብተር ታቅፈው።
«ሀያትና መሬማ ናቸው፤ ስልክ የላቸውም።
አልተመዘገቡም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የማስረዳቸው።»

ማሽኑ አንዲት ወዳቂ ቆጥሮ ነበር።
እኔ ሦስት ተማሪ አየሁ፣ አንዷ መምህርት።

ግን ልዋሽ አልፈልግም፦ ሞል ላይ ተሳስታለች፤
ስህተቷንም ለሁለቱ በትጋት አስተምራለች።
እስከ አሥር ሰዓት ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን
አንድ ቀመር ፈታን፣ አፈረስን፣ ቀጠልን።
«አብሽሪ» ልላት ስል
ቀደመችኝ፦ «አብሽር ቲቸር፣ ይገባናል።»

ማሽኑን አልወቅስም። ቀይ ባያደርጋት ኖሮ
ሐረጎን የምወርደው ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነበር።

ሰኞ፣ ከስሟ ጎን፣ «ማስታወሻ» የሚል ጠባብ ሳጥን፤
አርባ ፊደል ይይዛል፤ ከዚያ ይቆርጣል።
«ስልኩ የወንድም። ሐሙስ ማታ። ሦስት ናቸው።»
ረቡዕ ትምህርቱን ያለ ቪዲዮ፣ በጽሑፍ ብቻ፣ አቅልዬ ጫንኩ።
በሳምንቱ ቢጫ ሆነች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ከመቶ።

ከዝርዝሩ አናት ይትባረክ አለ፣ የሆጤ ልጅ፤
ዘጠና አራት ከመቶ፣ አረንጓዴ፤
በቀን አራት ሰዓት ቪዲዮው አይዘጋም፤
ደውዬለት አላውቅም። ምን ብዬ?

ዛሬ ደወልኩ።
ስክሪኔ ላይ ቪዲዮው እየሄደ ነው፤
የራሴ ድምፅ እዚያ ቤት ውስጥ ስለ አሲድ ያወራል፤
ስልኩ ይጠራል፣
ይጠራል።