ከሚቀጥለው ርምጃ

ጠባሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሞላ፣
የበሬሳ ጉም መስኮቴን ሲበላ፣
በአሰምብሊ የጻፍኩትን፣ ብዙ ፕሮግራም የሚጋራውን ላይብረሪ፣
ሊንከሩ አልቀበል አለኝ፣ ይኸው ሰባተኛ ጊዜ፤
እኔም አልተኛሁ፣ አለሁ ጉልበቴን ይዤ።
«ይህ አድራሻ» አለኝ «በኮድህ መሃል
እንደ ድንበር ድንጋይ ተተክሎ ቆሟል፤
ሰፈሩ የተነሣ ዕለት ማን ጋ ያደርስሃል?»

(እንዲህ አላለም፣ እውነቱን ለመናገር።
ያለው አንድ መስመር ነው፣ ቀይ፣ ደረቅ፣ ሙሉ ቁጥር።
የቀረውን የተረጎመው እንቅልፍ ማጣት ነው።)

አቶ ዘርጋው ትዝ አሉኝ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣
በየበሩ ቁጥር ሲጽፉ፣ በበጋ በክረምቱ።
መንገድ ይሰፋል ተብሎ ሰፈሩ ሲፈርስ፣
አንዱ በር ከነቁጥሩ ተሽጦ ጫጫ ሲደርስ፣
ለበግ ጉሮኖ ተገጠመ።
ዛሬም አራት መቶ አሥራ ሰባት ይላል፤
ደብዳቤ የያዘ ሰው ቢያንኳኳ፣ በግ ወጥቶ ያየዋል።

ማንያህልሻል ጧት መጣች፣ የእነዋሪ ልጅ፣
ጫማዋ ጭቃ፣ ቃሏ አጭር፣ የማታባብል ወዳጅ።
ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች።
«አንተ፣ የት ነው ትላለህ፤
ከዚህ ስንት ነው በል፣ ትደርሳለህ።
ሰፈሩ እንዳለ ተነሥቶ ጅሩ ሜዳ ቢሰፍር፣
ከምሰሶው እስከ ደጃፉ አይጨምር፣ አይቀንስ ስንዝር።
ደግሞ ልብ በል» አለች፣ «ርቀቱ የሚለካ
እግርህ ካለበት አይደለም።»
«ከሚቀጥለው ርምጃ ነው ለካ!»

የቤቱ ስም ተፈታ። የውጭው ግን ጣጣ፣
ከሌላ ላይብረሪ፣ በየትኛው በር እንደሚመጣ
ማን ያውቃል? ለእሱ ሰንጠረዥ አለ፣
በየስሙ ባዶ ሣጥን የተከፈለ።
ኮዱ እስከ ሣጥኑ ያለውን ብቻ ያውቃል፤
ውስጡን ጫኚው መጥቶ ይሞላል።
የመጀመሪያው ጥሪ እንደ እንግዳ ይዞራል፣
ያገኘውን ሁሉ «እገሌ ወዴት ነው?» ይላል፤
ሁለተኛው አይጠይቅም።

ለምን እዚያው ኮዱ ላይ አይጻፍም? አልኩና
ራሴው መለስኩ፣ አንድ ሐምሌ ትዝ አለኝና፦
አራት ወንድማማች፣ አንድ የፋብሪካ ብርድ ልብስ።
ታላቃችን ጥጉ ላይ ስሙን በቀይ ክር ጠለፈ፤
ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ብርድ ልብሱ የእሱ ሆነ፣
እኛን ብርዱ ገረፈ።
የጋራ ገጽም እንዲሁ ነው፤ ከጻፉበት የግል።

ረፋድ ላይ ተገናኘ። ሮጠ። ውጤቱ ግን የእኔ አይደለም።
«ድምር» ብዬ ስጠራ፣ የገዛ ቤቴን ልጅ፣
ቀድሞ የተጫነ ሞክሼ አቤት አለ ከደጅ፤
ስሙ ያው፣ አፉ ያው፣ ሥራው ሌላ።
ማንያህልሻል ሳቀች ከወንበሬ ኋላ።
«የክርስትና ስም አለህ?»
«አለኝ።»
«እናትህ ታክሲ ተራ መሃል በእሱ ትጠራሃለች?»
«ምን ቆርጧት!»
«እንግዲያው ይሄንንም ሰውር። የግቢ ስም በግቢ ይቅር።»
አንዲት መስመር ጨመርኩ።
ድምር የራሴው ድምር ሆነ።

ሊንከሩ ዝም አለ። ማመስገን አያውቅበትም፤
ዝምታው ነው ምርቃቱ።

ስወጣ ጉሙ አልተነሣም። ሱፍ የጫነ አይሱዙ ቆሞ፣
ሾፌሩ አንገቱን አወጣ፣ ከሰላምታ ጥያቄው ቀድሞ፦
«ወንድም፣ አራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር ወዴት ነው?»
ሳቄን ዋጥኩ።
«ቤቱን ከሆነ» አልኩት፣ «ቆመህበታል።
በሩን ከሆነ፣ ከዚህ ወደ ጫጫ ነው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ።
ግን መቁጠር የምትጀምረው ጎማው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።»
ትንሽ አየኝ።
ማርሽ አስገባ።