መልቀቅ

ዝናብ በማያጣው፣ በባስክ ተራሮች ሥር፣
ድንጋይ ማንሳት ወግ ነው፣ ድንጋይ ማንሳት ክብር።
እኔ አንስቼ አላውቅም፤ ወጌሻ ነኝ የመንደር፤
ጉልበተኛው ሲዝል እኔ ጋ ነው ነገር።

ዘይቴን አሙቄ አውራ ጣቴን ስሰድ፣
ጀርባ ያወራኛል፣ መንገድ ለመንገድ፦
የቱ ክር እንደ ከረረ፣ የትኛው እንደ ላላ፣
ማን በእግሩ እንዳነሳ፣ ማን በወገብ፣ ማን በመላ።

የጋራሲ ክንዶች ዱቄት ይሸታሉ፤
ሌሊት ሊጥ አቡክተው ቀን ድንጋይ ያቅፋሉ።
አሠልጣኟ ኤኔኮ፣ የጥንቱ ድንጋይ አንሺ፣
ምስጋናው ሁለት ቃል ነው፦ «እንደገና አንሺ!»
ግራ ክንዱ ላይ ጅማት ተበጥሶበት
ጡንቻው ተሸብልሎ ቀርቷል ሠላሳ ዓመት።

«ስገፋው» አለችኝ፣ አንድ ማታ ተኝታ፣
«ድንጋዩን ስገፋው ክንዴ ምነው ተረታ?»

«ልጄ፣ መግፋት የሚባል አያውቅም ጡንቻ፤
ቋንቋው አንድ ቃል ነው፤ መሳብ፣ መሳብ ብቻ።
ክንድሽ ሲዘረጋ የኋላው ስቦ ነው፤
ሲታጠፍ የፊቱ፤ ሥራው በተራ ነው።
ሁለቱም ባንድ ጊዜ ካልሳብን ካሉማ
ክንድሽ ግንድ ይሆናል፣ አይሄድ፣ አይሰማ።

«በያንዳንዱ ክር ውስጥ ገመድ ሳቢዎች አሉ፣
እልፍ ትንንሽ እጆች፤ ይይዛሉ፣ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣
ከዐመድ ቅንጣት ያነሰች እርምጃ ተራምደው
ደግሞ ይይዛሉ።
ስንቃቸው ሲደርስ ነው እጃቸው የሚፈታው፤
መያዝ አይደለም፣ ልጄ፤ መልቀቅ ነው ስንቅ የሚሻው።»

ሳቀች። አላመነችኝም። ወጣት መች ያምናል?
ብርታት ማለት ለሱ ጨብጦ መቅረት ይመስለዋል።

በየካቲት፣ በረዶው ጣራ ላይ ሳለ፣
ኤኔኮ አረፈ።
ጠሩኝ በማለዳ፣ ሳጥኑ ሳይዘጋ፤
ቀኝ እጁ ጨብጦ አልላላ፣ አልዘረጋ።
ጋራሲ አጠገቡ፣ ጣቶቹን በጣቷ
ትፈታለች፤ አቃታት፤
መቶ ኪሎ ያነሳው አልበቃም ጉልበቷ።

«ምን ይዞ ነው?» አለችኝ።
«ምንም። ስንቁ አልቆ ነው።
እነዚያ ትንንሽ እጆች እንደያዙ ቀሩ፣
የሚለቁበት አጥተው።
ተዪው፤ ነገ ማታ ራሱ ይፈታል።»
ያን ጊዜ አለቀሰች።

በበጋው በዓል፣ አደባባዩ ሞልቶ፣
ድንጋዩ ተንከባሎ፣ ትራሱ ተዘርግቶ፣
ወገቧን በረጅም መቀነት ጠመጠመች፤
ጎንበስ፤ ወደ ጭን፤ ወደ ደረት፤
ትንፋሿን አምቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ትከሻዋ ላይ አወጣችው። ሕዝቡ ጮኸ፣ ባርኔጣ ወረወረ።

እኔ ማንሳቷን ብዙም አላየሁም።
ሁሉም ከዚህ ወዲያ ይጥሉታል፤ ትራሱ የተሰፋው ለዚያ ነው።
እሷ አወረደችው።
በደረቷ፣ በሆዷ፣ በጭኗ፣ ክር በክር እየለቀቀች፣
ጡንቻዋ እየሳበ እየረዘመ፣
እያሸነፈ እየተሸነፈ፣
ጉልበቷ እንደ ቅጠል እየተንቀጠቀጠ፤
ትራሱን ሲነካው ድምፅ አልነበረውም።
ጭብጨባው ቀነሰ። አንዳንዱ ደከማት ብሎ አዘነ።

በሦስተኛው ቀን መጣች፤ የምድር ቤቴን ደረጃ
ግድግዳ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ላይ አዙራ፣
እንደ ሕፃን ወደ ኋላ እየወረደች፣ እየሳቀች።
«ያነሳሁበት አይደለም» አለችኝ፣
«ያወረድኩበት ነው የሚያመኝ።»
«እዚያ ነው የሚቀደደው፤
የሚወፍረውም እዚያው ነው፤ ስትተኚ።»

እግሯን ዘረጋች።
ኤኔኮ ቢኖር ሁለት ቃሉን ይላት ነበር።
እኔ ዘይቴን አሞቅሁ።