ሆድ አይደለም

ጥር ነው በኦውሉ፤ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣
መስኮቱ ግን ዛሬም ሌሊት ለብሶ ቆሟል።
አሥራ አንድ ሕፃናት ከበረዶ ገብተው
ጓንት፣ ሹራብ፣ ካፖርት፣ እንደ ሽንኩርት ልጠው፣
ምንጣፉን ከበቡ። ኦኒ ተንጋለለ፣
ትልቅ ወረቀት ላይ እጁን እንደጣለ።
ሄልሚ ዙሪያውን በእርሳስ ስትነዳ
ብብቱ ጋ ደርሳ፣ ሲስቅ፣ መስመሩ ተጎዳ።

«ይኼ ማነው?» «ክርን!» «ይኼስ?» «ቁርጭምጭሚት!»
«ይኼስ?» «እምብርቴ! ድሮ የበላሁበት!»

የቱሊኪ ጣት አንድ ስንዝር ወረደ።
ዝም።
ከዚያ ሳቅ ፈነዳ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወደቀ።
«ቢራቢሮ!» አለች አንዷ። «ጡሩንባ!» አለ ሌላው።
«እዚያ ታች» አለች ሄልሚ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
አሮጌ ዕቃ ስለሚጣልበት ምድር ቤት እንደምታወራ።

«ቢራቢሮ ይበራል» አለች መምህርቷ፣
«ይኼ ግን የትም አይሄድ።»
ስሞቹን ጠራቻቸው፣ የሴቱን፣ የወንዱን፣
ክርን ባለችበት ድምፅ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።
(እኔ ልጽፋቸው ስል ብዕሬ ተያዘ፤
በቋንቋዬ ያ ቦታ «ሀፍረት» ተብሎ ነው የተመዘገበ።)

«ያንቺ ነው። ያንተ ነው።
ሐኪም እንኳ ሲያይ አስፈቅዶ ነው፣ እናት ወይ አባት ባለበት።
‹ምስጢራችን ነው› የሚል ሰው ከመጣ ሮጣችሁ ንገሩኝ፤
ሾርባዬን እየጠጣሁ ቢሆንም።»

እሷ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ኬሚየርቪ፣
ሽንቷ ሲያቃጥላት ቃል ፈልጋ አጣች።
«ሆዴን» አለች።
ሆዷን አሹላት፤ የዱር ፍሬ ጭማቂ አፍልተው አጠጧት፤
ሦስት ሌሊት በትኩሳት ነደደች፣
ባልታመመ ሆድ።
ይህን ለልጆቹ አልነገረችም።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ዳግም ሲጨልም፣
የሄልሚ አያት ኡርሆ መጣ፣ ጢሙ ላይ በረዶ፣
ሁለት ክንዱን ዘርግቶ።
«ዛሬ እቅፍ አልፈልግም። እጅ ብቻ።»
ሽማግሌው ባለበት ደረቀ።
ከዚያ የቆዳ ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀ፣
ጎንበስ ብሎ ጨበጣት፣
እንደ ከንቲባ።

እሷ ከጫማዋ ጋር ስትታገል
ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኦኒን፣
ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን ስም፣
ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።
«ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ‹የቱ ጋ ነው የሚያምህ?› ሲለኝ»
አላት ቱሊኪን፣ ወደ በሩ እያየ፣
«ሆዴን አልኩት።»