የባሕር ዛፍ አገር

በሰንሰለት ታስራ የምትጎተት ጀልባ፣
መኪና ጭናለች፣ ውሻ፣ ሰው፣ ገለባ።
ከዳር እስከ ዳሩ ደቂቃ ነው አምስት፤
እግረኛ አይከፍልም፣ ይሻገራል በምሕረት።

ብሮንዊን ትባላለች የተዋወቅኳት ሴት፣
ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት፤
ቦት ጫማዋ ጭቃ፣ አውራ ጣቷ ፋሻ፣
"ነከሰችኝ" አለች፣ "እንደ ክፉ ውሻ።"
ማን? ብዬ ስጠይቅ ጣቷን ወደ ላይ፤
ቀና አልኩ፤ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ ትንሽ ሰማይ፣
ከዚያም በባላው ላይ አንድ ግራጫ ነገር፣
ሰው ረስቶት የሄደ ካፖርት ይመስል ነበር።

ዛፉን ግን ዐወቅኩት፣ ከእንስሳው ቀድሜ፤
ስንት ጉንፋን አልፏል በቅጠሉ ታጥኜ፣ ታክሜ።
"ባሕር ዛፍ ይሉታል በኔ ቋንቋ" አልኳት፣
"ከባሕር ማዶ ነው የመጣ ማለት።"
ሳቀች፦ "ማዶው እኮ እዚህ ነው፤ ደረስሽበት።"

እኛ ለማገር፣ ለምሰሶ የምንቆርጠው፣
እዚህ ጓዳም ነው፣ አልጋም ነው፣ ርስት ነው።

"ሃያ ሰዓት ይተኛል" ስትለኝ ቀናሁኝ፤
ስንፍና መስሎኝም ጥቂት ተሳለቅሁኝ።
"ስንፍና አይደለም፤ ቅጠሉ መርዝ ነው፣
ጉልበት እንኳ የለው፣ ገለባ በይው።
ሆዱ ከመርዙ ጋር ሁልጊዜ ችሎት ነው፤
ሙግት ላይ የዋለን ማን ይቀሰቅሰው?"

ደግሞም አይበላም ያገኘውን ሁሉ፤
አሽትቶ፣ አሽትቶ፣ ትቶ፣ ዞሮ አሽትቶ፣
ቅቤ እንደሚመርጥ ሰው ከቅል ቅል ተንከራቶ፣
አንዲት ለጋ ቅጠል ትበቃዋለች ላመሉ።

በአንድ እጁ ላይ ሁለት አውራ ጣት ቆጠርኩኝ፤
"አሻራ አለው" ብትለኝ የራሴን አየሁኝ፣
ለቪዛ ስል ስንቴ በቀለም የነከርኩትን።
እሱን ግን ከግንዱ በቀር የጠየቀው የለም፤
ያተመውም በልጡ ላይ ነው፣ ያለ ቀለም።

ሌሊት፣ በተከራየሁት የጣውላ ክፍል፣
አንድ ነገር አጓራ ጣሪያው እስኪነቀል፤
አሳማ የሚታረድ፣ ሞተር አልነሣ ሲል፣
ሁለቱም ባንድ ጉሮሮ ተቀላቅለው ይመስል።
በሩን ቆለፍኩና ጫማዬን ጨበጥኩ፣
እስኪነጋ ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።
ብሮንዊን ሳቀች እንባዋ እስኪመጣ፦
"ወንዱ ነው! ሚስት ሽቶ ነው ያን ሁሉ የሚቆጣ።"

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ካፖርቷ ተላወሰች፤
ከሆዷ በታች አንዲት አፍንጫ ብቅ አለች፣
ከባቄላ የማትበልጥ፣ እርጥብ፣ ጥቁር፤
ግልገሉ ከናቱ መቀመጫ ይልስ ጀመር።
ፊቴን አዞርኩኝ። ብሮንዊን አልሳቀችም፤
"ኩስ ነው" አለች፣ "ግን ኩስ ብቻ አይደለም።
መርዝ የሚያረክሰው በሆዷ ነው ያለው፤
ልጅ ግን ባዶ ሆዱን ነው የሚወለደው።
ቅጠል ሳታቀምሰው ማርከሻውን ታቀምሳለች፣
ከዚያ በኋላ ነው 'ብላ' የምትለው፣" አለች።
"እኔ..." ብላ ቆመች። "ለልጄ ቤት ሰጠሁት፣
ጥርሱን በገዛ እጄ አስተካከልኩለት፤
ማርከሻውን ግን..."
ፋሻዋን ፈታ እንደገና ጠመጠመች፤
ስለ ልጇ ሌላ ቃል አልተነፈሰች።

መመለሻ ጀልባ። ኪሴ ውስጥ አንድ ፍሬ
የኮዋላ በጠጥ፣ በመሐረብ ቋጥሬ፤
ሰጥታኝ ነው፣ "አሽትቺው፣ አትጸየፊ" ብላ።
አሸተትኩት፦ ጉንፋን፣ እንፋሎት፣ ብርድ ልብስ፣ ጥላ።
የጀልባው ልጅ ጠየቀኝ፣ "ስንት አየሽ?" ብሎ፤
"ሁለት" አልኩት። "ሁለት ብቻ?" አለ ገመዱን ጠቅልሎ።
ሳልመልስ ቀና አልኩ፤ ከወደቡ ዛፍ ላይ
ሌላ የተረሳ ካፖርት፣ ጀርባውን ሰጥቶ ለሰማይ።